ጅማ ላይ ብስክሌት ያላችሁ ሁሉ፣ እኚህን አባት እወቋቸው

ይህን ጽሑፍ ከሦስት ሳምንት በፊት መጻፍ ነበረብኝ። ከላንጋኖ እንደተመለስኩ የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ተከምሮ ጠበቀኝና ዘገየሁ እንጂ፣ ነገሩ አንድ ቀን እንኳን ከሐሳቤ አልወጣም።

ጅማ መርካቶ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ አልጽፍም። ሰፈሩ ግን ያውቃቸዋል፤ “ሽበታሙ ብስክሌት ሠሪ” ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ እጃችሁን ይዞ ያደርሳችኋል። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ብስክሌት ያላችሁ፣ ለልጆቻችሁ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይ ደግሞ እንደ እኔ ለውድድር የምትዘጋጁ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ሂዱ። እባካችሁ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አትቃጠሉ። እኔ ተቃጥያለሁ።

የ37 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናትና የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ በኋላ የደም ግፊቴ አልወርድ ቢል ሐኪሙ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ መከረኝ። በእግር ጉዞ ጀመርኩ፤ ከዚያ ሩጫ መጣ፣ ከዚያም ዋና። ጀርመን የሚኖረው ወንድሜ አንድ ያገለገለ የውድድር ብስክሌት ይዞልኝ ሲመጣ ደግሞ ትራያትሎን የሚባለው ነገር ልቤን ወሰደው። ለማታውቁት፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ያለ ዕረፍት ተከታትለው የሚሄዱበት ስፖርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ሲገባ ርቀቱ 1,500 ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር። እኛ ጥቂት ወዳጆች ላንጋኖ ላይ ለራሳችን ያሰብነው የዚህን ግማሽ ነው።

ዝግጅቱን ከባድ ያደረገብኝ ርቀቱ አልነበረም። ዋናውን በአንድ ሆቴል ገንዳ ተለማመድኩ። ገንዳው 20 ሜትር ስለሆነ 750 ሜትር ለመሙላት ከዳር እስከ ዳር ሠላሳ ሰባት ጊዜ ተኩል እየዋኘሁ እቆጥር ነበር። ሩጫውን ማለዳ የጅሬንን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እየወጣሁ፣ ብስክሌቱን ደግሞ እሑድ እሑድ በሰርቦ መንገድ። ይህ ሁሉ ደስታ ነበር። ያስለቀሰኝ ሰው ነው።

በመጀመሪያ በስልክ ያሠለጥነኛል የተባለ ሰው ተዋወቅሁ። የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተቀበለኝ፤ ከዚያ የላከልኝ ፕሮግራም ለሌላ ሰው የተጻፈ እንደሆነ ያወቅሁት የሌላው ሰው ስም ከላይ ስላልጠፋ ነው። ጉልበቴን ሲያመኝ ደውዬ ብነግረው “ቻዪው” አለኝ። እኔም ቻልኩት፤ አንድ ወር ሙሉ የትምህርት ቤቱን ደረጃ የምወርደው በጎን ነበር። ቀጥሎ አዲስ አበባ ከአንድ የስፖርት ዕቃ መደብር የሩጫ ጫማና የዋና መነጽር ገዛሁ። “ኦሪጅናል ነው” ብለው ምለው ሸጡልኝ። የጫማው ሶል በሁለት ሳምንት ተላቀቀ፤ መነጽሩ ውኃ ያስገባል። ይዤው ስመለስ የሸጠልኝ ልጅ አይቶኝ እንደማያውቅ ሰው ፊቱን አዞረ።

ከሁሉም የከፋው ግን ብስክሌቱን ለማስጠገን የወሰድኩበት ቦታ ነው። ገና ስገባ ባለቤቱ “ይሄ የሴት አይደለም፣ ለማን ነው?” አለ። የእኔ እንደሆነ ስነግረው ሳቀና ለረዳቱ ሰጠው። ረዳቱ በመዶሻ ሲመታው ቆሜ አየሁ፤ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። 1,800 ብር ከፍዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ቁልቁለት እየወረድኩ ሳለ ግራ ፔዳሉ ተነቅሎ ወደቀ። እኔም ወደቅሁ። የክንዴ ጠባሳ ዛሬም አለ። መኪና ከኋላዬ ቢኖር ኖሮ ልጆቼ እናት አይኖራቸውም ነበር። ስመለስ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “አነዳድሽ ነው።”

ያን ቀን ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ቤት ስመለስ አንዲት ቡና ሻጭ ክንዴ ሲደማ አይታ አስቀመጠችኝ፣ አጠበችልኝና ወደ ጋሼ የመራችኝ እሷ ናት። አላህ ይስጥሽ፣ እኅቴ፤ ይህን እንደማታነቢ ባውቅም።

ጋሼ ብስክሌቱን አልተቀበሉኝም። መጀመሪያ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ አቀረቡልኝና ክንዴን አዩ። “ሐኪም አየሽ?” አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ “ሌላ የት የት ያምሻል?” ሲሉ ግራ ገባኝ። ጉልበቴን ነገርኳቸው። በኦሮምኛ “ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈው እንድወጣበት አደረጉና በእጃቸው ይዘውት ፔዳሉን ወደ ኋላ እንዳሽከረክር አዘዙኝ። እሳቸው ቁጢጥ ብለው ጉልበቴን ብቻ ነበር የሚያዩት። ለረጅም ጊዜ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ከዚያ መፍቻ አንሥተው ኮርቻውን ሁለት ጣት የሚያህል ከፍ አደረጉት፣ ትንሽም ወደ ኋላ ገፉት። “አሁን ሂጂና በሳምንትሽ ተመለሺ” አሉኝ። ፔዳሉንም የተበላሸውን ሁሉ አስተካክለው ነበር፤ ምን ምን እንደሠሩ ቢነግሩኝም እኔ አልገባኝም፣ ስለዚህ አልጽፈውም። የማውቀው በሳምንቴ ደረጃ ስወርድ በጎን መውረዴን መተዌን ነው። ሦስት ወር የተከፈለው ሰው ያላየውን ጋሼ ቁጢጥ ብለው በአሥር ደቂቃ አዩት። የጠየቁኝ 200 ብር ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄድ ልማዴ ሆነ። ክረምት ስለነበር የጅማ ዝናብና ጭቃ ካቴናውን ያዝገው ነበር፤ እንዴት እንደሚጸዳና ምን ያህል ዘይት እንደሚበቃው አሳዩኝ። በሥራቸው መካከል ያወራሉ። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. የሜልቦርን ውድድር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንደነበሩን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ከጋዜጣ የቆረጡት ፎቶግራፉ ከመፍቻዎቹ በላይ ተለጥፏል። እኔም አባቴን እነግራቸው ነበር። አባቴ ልጅ ሳለሁ በብስክሌቱ ዘንግ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር፤ አገጩ ራሴ ላይ እያረፈ። ካረፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ሥራቸውን አቁመው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ዝም ብለው አዳመጡኝ።

አንድ ቀን ጎማዬን ሆን ብለው አስተነፈሱትና “ቀይሪው” አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። “መንገድ ላይ እኔ የለሁም” ብለው ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ። ካላማዳሪያውን አውጥቼ እስክመልስ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፣ ጥፍሬ ተሰበረ። እንደጨረስኩ እንደገና አስተነፈሱት። ሦስት ጊዜ! በሦስተኛው አጨበጨቡልኝ፤ ጎረቤት ያሉት ልብስ ሰፊም አብረው አጨበጨቡ።

አሁን ይህን ሁሉ ወደሚያስጽፈኝ ነገር ልምጣ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ላንጋኖ ሌላ መንገድ አለ። ብስክሌቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ መታሰሩ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር። በመሄጃዬ ዋዜማ አመሻሽ ላይ፣ ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ደረስኩባቸው። ዝናብ ይጥላል። መልሰው ከፈቱ። ጎማዎቹን ፈቱ፣ መሪውን አዞሩ፣ እያንዳንዱን ብረት በካርቶንና በአሮጌ ጆንያ ጠቀለሉ፤ ብሎኖቹን በአንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ አድርገው ክዳኗን አጠበቁ። ኮርቻውን ከማውጣታቸው በፊት ግን ቀይ ናስትሮ ቆርጠው ብረቱ ከቱቦው በሚገናኝበት ልክ ዙሪያውን ለጠፉበት። “ስትመልሺው እዚህ ድረስ ነው። ማንንም አትጠይቂ፣ ማንም አይንካብሽ” አሉኝ። ለሁለት ሰዓት ያህል በአንድ አምፖል ሥር ሠሩልኝ። ገንዘብ ባወጣ “ስትመለሺ” አሉ። ስመለስም አልተቀበሉኝም።

ላንጋኖ ላይ ብስክሌቱን በራሴ እጅ ገጠምኩት። ናስትሮው ላይ ስደርስ አቆምኩ፣ አጠበቅሁ፣ አለቀ። ከውኃው ወጥቼ 13ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ሌላ ጊዜ ቢሆን መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቅስ ነበር። በ9 ደቂቃ ቀይሬ ተነሣሁ። እጄ ሥራውን ያውቀው ነበር፤ የጋሼ ቡና እንኳን የሸተተኝ መሰለኝ። በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ጨረስኩ፣ ጉልበቴም ምንም አላለኝ።

ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ዘንድ ሂዱ። ሴቶች በተለይ ሂዱ፤ “ለማን ነው?” የሚላችሁ የለም። ውድ ብስክሌት ይኑራችሁ፣ የልጅ ብስክሌት ይኑራችሁ፣ የሚያዩበት ዓይን አንድ ነው። ዋጋ አትከራከሯቸው፣ ከሚገባው በታች ነው የሚጠይቁት። ብስክሌታችሁን አጥባችሁ ውሰዱ፣ ጭቃ የያዘ አይወዱም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋሉ፤ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። መለዋወጫ ከሌላቸው “የለኝም” ይሏችኋል እንጂ የማይሆነውን አይገጥሙላችሁም። ውጭ አገር ወዳጅ ያላችሁ የውድድር ብስክሌት ካላማዳሪያ ብታስመጡላቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ እዚህ ማግኘት አልቻሉም።

የፊት ፍሬኔ ትንሽ ስለላላ እኔ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ቦታውን የማታውቁ መልእክት ላኩልኝ፣ አብረን እንሄዳለን።