ሃይሉክስ፣ ሬንጀር፣ ዲማክስ ወይስ ኤል200? የፒክአፕ ገዢ ንጽጽር

አራቱን ደብል ጋቢና ፒክአፖች፣ የቶዮታ ሃይሉክስን፣ የፎርድ ሬንጀርን፣ የኢሱዙ ዲማክስንና የሚትሱቢሺ ኤል200ን፣ በካታሎግ ብቻ ለማወዳደር የሚቀመጥ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ሁሉም ሻንሲ ላይ የተሠሩ ናቸው። የኋላ እግራቸው በአብዛኛው ባሌስትራ ነው፣ የሚጭኑት አንድ ቶን ገደማ ነው፣ በናፍጣ የሚሠሩት ጠንካራ ዓይነቶቻቸው ደግሞ በብዙ ገበያ እስከ 3.5 ቶን ተጎታች እንዲስቡ ተፈቅዶላቸዋል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ልዩነት ጥቂት የፈረስ ጉልበትና የስክሪን ስፋት ነው። ኪስ የሚጎዳው ልዩነት ግን ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ ብቅ የሚለው ነው፤ እሱን ደግሞ ካታሎግ አይጽፈውም።

ስለዚህ ገዢ ሦስት ነገር ይመዝናል፦ መኪናው ምን ያህል ይበረክታል፣ ያዩትና የነዱት ሰዎች ምን አሉ፣ ተፎካካሪው በዚያው ገንዘብ ምን ይሰጣል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። «የማይበላሸው ብራንድ የቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ የሚገኘው «የትኛው ሞተር፣ ከየትኛው ካምቢዮ ጋር፣ በስንት ዓመት የተሠራ?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይሉክስ፦ ስሙና ሞተሩ

ከመቃብር በላይ ስም ይውላል ይባላል። የሃይሉክስ ስም ደግሞ ስሙን ያወጡለት ሞተሮች ከምርት ከወጡ በኋላም መኪና እየሸጠ ነው። ከ1968 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ መኪና ነው። «አይበገሬ» ያሰኙት ቱርቦ የሌላቸው፣ ኤሌክትሮኒክስ የማያውቁ፣ ማንኛውም ጋራዥ የሚፈታቸው የድሮ የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። ዛሬ የሚሸጠውን ከነሱ ጋር የሚያገናኘው የፊት ለፊቱ ምልክት ነው ማለት ይቻላል።

በመሀል ያለፈውን ትውልድ ያየ ሰው ስሙ ብቻ እንደማይበቃ ያውቃል። ከ2005 እስከ 2015 በተሠሩት ላይ የነበረው ባለ 3.0 ሊትሩ ዲ-ፎር-ዲ በጉልበቱ ይወደዳል፤ ሜካኒኮች ግን የሚያውቁት በኢንጀክተሩ (ነዳጅ በሚረጨው ዕቃ) ነው። የኢንጀክተሩ መቀመጫ ዋሸር ሲያፈስ ጥቀርሻ ወደ ሞተር ዘይት ይወርዳል፣ ከታች ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፣ ሳይታወቅ ሞተሩ ዘይት ይጠማዋል። ያገለገለ የሚገዛ ሰው «ኢንጀክተሮቹ መቼ ተቀየሩ?» ብሎ ሳይጠይቅ ዋጋ መጥራት የለበትም። ይህ ሞተር የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች እንቅስቃሴ በጊዜ የሚያጣጥም ቀበቶ) ያለው ስለሆነ፣ ቺንጋው በጊዜው መቀየሩም አብሮ ይጠየቅ።

በ2015 የመጣው ትውልድ በ2.4 እና በ2.8 ሊትር ሞተሮች በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ይዞ መጣ፤ ጥሩ ለውጥ ነው። ችግሩ ከሌላ ወገን መጣ። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው የጥቀርሻ ማጣሪያ የሰበሰበውን ጥቀርሻ እየቆየ ራሱ ማቃጠል አለበት። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ይህ ማጣሪያ ከተማ ውስጥ በሚርመሰመስ መኪና ላይ እንደሚደፈን ነው። በዚህ መኪና ላይ የተገኘው ጉድለት ግን በተቃራኒው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ በተከታታይ ሲነዳ የሚከሰት ነበር፦ ነጭ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ የነዳጅ ፍጆታ መጨመር። አውስትራሊያ ውስጥ ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ260,000 በላይ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖችን የሚመለከት የጋራ ክስ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ በ2022 ለባለቤቶቹ ፈረደ፤ የካሳው ክርክር በ2024 እስከ ሀገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማጣሪያው ባልተገጠመላቸው ገበያዎች ይህ ጣጣ የለም። ያላቸው ገበያዎች ላይ ግን ከ2020 በፊትና በኋላ የተሠራ ሃይሉክስ አንድ ዓይነት መኪና ተደርጎ መታየት የለበትም። በዚያው ዓመት 2.8 ሊትሩም ጉልበቱ ወደ 150 ኪሎዋት፣ የማዞሪያ ኃይሉ (ቶርኩ) ደግሞ በኦቶማቲክ ወደ 500 ኒውተን ሜትር ከፍ ብሏል።

ይህን ሁሉ ተናግሬም ሃይሉክስን አልጥለውም። የትም ቦታ መለዋወጫ አለው፣ የትም ቦታ የሚያውቀው ሜካኒክ አለ፣ ሲሸጥም ዋጋው ከሌሎቹ ያነሰ ይወርዳል። ያ ሁሉ የሚገኘው ግን ሲገዛ ተጨማሪ በመክፈል ነው። ቶሎ ለማይሸጠው ሰው «መልሶ ሲሸጥ ያወጣል» የሚባለው ጥቅም ብዙም ትርጉም የለውም።

ሬንጀር፦ ለሚነዳው ሰው

ከአራቱ ውስጥ ለመንዳት የሚያስደስተው ሬንጀር ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም። መሪው ቀላል ነው፣ ጋቢናው ጸጥ ያለ ነው፣ ባዶውን ሲሄድ እንደ ሌሎቹ አይዘልም። በ2022 ለሽያጭ የበቃው ትውልድ ላይ ያለው 3.0 ሊትር ቪ6 የናፍጣ ሞተር 600 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፤ ከባድ ተጎታች ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል። ገበያም መስክሮለታል፦ አውስትራሊያ ውስጥ ከ2016 እስከ 2022 ከማንኛውም መኪና በላይ በመሸጥ ይመራ የነበረውን ሃይሉክስን በ2023 ቀደመው፣ በ2024ም መሪነቱን አልለቀቀም።

ስጋቱ ትንሹ ሞተር ላይ ነው። 2.0 ሊትሩ፣ በተለይ ባለ ሁለት ቱርቦው፣ ከትንሽ ሞተር 500 ኒውተን ሜትር ያወጣል። ለዓመታት በተሠሩት ላይ የታይሚንግ ቺንጋው የሚሽከረከረው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ሐሳቡ ድምፅና ሰበቃ መቀነስ ነበር። ዘይቱ ሲቆይ ወይም ከታዘዘው የተለየ ሲደረግ ግን ቺንጋው ይበላል፣ ፍርፋሪው የዘይት መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ሞተር በጊዜው ዘይት ለሚቀይር፣ ትክክለኛውን ዘይት ለሚያገኝ ሰው ይሠራል። «ለዚህ ወር ይለፈኝ» ለሚል ሰው አይሆንም። ያገለገለ ሬንጀር ስትገዙ የሰርቪስ መዝገብ ከሌለው፣ ቀለሙ ቢያብረቀርቅም እለፉት።

የቮልስዋገን አማሮክን የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፦ ከ2022 ወዲህ ያለው ሁለተኛው ትውልድ አማሮክ ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ከሬንጀር ጋር የሚሠራ ነው። ሻንሲውም ሞተሮቹም የጋራ ናቸው። ስለ አንዱ አስተማማኝነት የሚነገረው ለሌላውም በአብዛኛው ይሠራል።

ዲማክስ፦ ማንም የማያደንቀው

የዲማክስ ግምገማ ስታነቡ «ሞተሩ ይጮኻል» የሚል አረፍተ ነገር አይጠፋም። እውነት ነው፣ ይጮኻል። ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ ሬንጀር ከ2.0 ሊትር 500 ኒውተን ሜትር፣ ዲማክስ ከ3.0 ሊትር 450 ኒውተን ሜትር። ትልቅ ሞተር ሆኖ ትንሽ ይጠየቃል። የዚህ ሞተር ቤተሰብ የኢሱዙ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይም ሲሠራ የኖረ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭነት ተሸክሞ እንዲውል የታሰበ እንጂ በሙከራ መንዳት ቀን እንዲያስደንቅ የተሠራ አይደለም። በ2020 በአውስትራሊያና ኒውዚላንድ የደኅንነት ፈተና አምስት ኮከብ ስላገኘ «ጠንካራ ነው ግን ኋላ ቀር ነው» የሚለው የድሮ ወቀሳም ቀርቷል።

1.9 ሊትሩን ከዚህ ጋር አታምታቱት። ነዳጅ ይቆጥባል፣ ለቀላል ሥራ ይበቃል፣ የ3.0 ሊትሩን ዝና ግን በውርስ ሊወስድ አይገባውም። ከ2020 ጀምሮ የማዝዳ ቢቲ-50ም የተሠራው በዲማክስ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ፤ አንዳንዴ ያው መኪና በሌላ ልብስ ረከስ ብሎ ይገኛል።

ኤል200

በሌሎች ገበያዎች ትራይተን ይባላል። አንድ ነገር ላይ ከብዙዎቹ ይበልጣል፦ ሱፐር ሴሌክት የተባለው የፎር ዊል ሥርዓቱ የመሀል ዲፍረንሻል (የፊቱና የኋላው ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ ዕቃ) ስላለው ደረቅ አስፋልት ላይም በአራቱ ጎማ ማሽከርከር ይቻላል። በተለመደው የፒክአፕ ፎር ዊል አስፋልት ላይ ከሄዳችሁ መሪው እያነቀ ማስተላለፊያው ይጎዳል። አስፋልትና ጭቃ ለሚፈራረቅበት፣ ዝናብ ለሚበዛበት መንገድ ይህ ከስክሪን ስፋት በላይ ዋጋ አለው። በ2023 የወጣው ትውልድ ሰፋ ብሏል፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተሩም 470 ኒውተን ሜትር ደርሷል። ሥርዓቱ በሁሉም ዓይነት ላይ አይገጠምም፤ ረከስ ያለውን ስትገዙ እንዳለው አረጋግጡ።

የሌሎች ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል?

የመጽሔትና የቪዲዮ ገምጋሚ መኪናውን የሚያገኘው ከአምራቹ ተውሶ፣ አዲስ ሆኖ፣ ቢበዛ ለሳምንት ነው። ስለ ወንበሩ፣ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ መሪው የሚለውን እመኑት። አንዳንዴ ባለቤቶች በዓመታት ያላዩትንም ያያል፤ በ2016 አንድ የስዊድን መጽሔት ሃይሉክስን ድንገተኛ መሰናክል እንዲሸሽ አድርጎ ፈትኖት በሁለት ጎማ ሲቆም ካሳየ በኋላ ቶዮታ ማስተካከያ አድርጓል። ስለ 150,000 ኪሎ ሜትር ግን ገምጋሚው የሚያውቀው የለም።

የጥናት ድርጅቶች ቁጥርም በጥንቃቄ ይነበብ። ጄ.ዲ. ፓወር ሁለት የተለያዩ ጥናቶች አሉት፦ አንዱ መኪናው በተገዛ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የታየውን ይጠይቃል፣ ሌላው ሦስት ዓመት የሆናቸውን ይመለከታል። ማስታወቂያዎች ግን ሁለቱንም «በጥራት አንደኛ» በሚል አንድ ቋንቋ ያቀርቧቸዋል። የሚቆጠረው በ100 መኪና ስንት ችግር ተነገረ የሚለው ነው፤ ስልክ ከስክሪኑ ጋር አልገናኝ ማለቱ አንድ ችግር ነው፣ የካምቢዮ መበላሸትም አንድ ችግር ነው። ለእናንተ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ከዚህ ይልቅ የጀርመን የቴክኒክ ምርመራ ተቋማት የሚያወጡት ዓይነት፣ መኪናን በዕድሜው ከፍሎ በምርመራ ምን ጉድለት እንደተገኘበት የሚያሳይ ዘገባ ይጠቅማል፤ ያ የባለቤቱ ስሜት ሳይሆን ከሥር ገብቶ ያየ ሰው የጻፈው ነው።

የባለቤቶች አስተያየት ላይ ኮከቡን ተዉት። የተናደደና ያፈቀረ ሰው ነው ብዙ የሚጽፈው። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ያው ዕቃ፣ በተቀራራቢ ኪሎ ሜትር፣ በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ መበላሸቱ ሲደጋገም። አሥር ሰው «በጣም አሪፍ ነው» ከሚል፣ ሦስት ሰው «በ90,000 ላይ ተርሞስታት» ቢል ይሻለኛል።

የታላቅ ስም ዋስትናም ወሰን አለው። ቶዮታ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ወደ 100,000 የሚጠጉ ተንድራና ሌክሰስ መኪኖችን ለጥገና መልሶ የጠራው ሞተር ሲሠራ የቀረ የብረት ፍርፋሪ ኩሽኔታዎቹን ስለሚጎዳ ነው። በ2025 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ 6.2 ሊትር ቪ8 ሞተር ያላቸውን ወደ 600,000 የሚደርሱ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች ጠርቷል። ሁለቱም ጥሪዎች የተወሰነ ሞተርና የተወሰኑ ዓመታት ላይ ናቸው፤ ያልኩትም ይህንኑ ነው።

ፉክክሩ ለገዢ ምን ያመጣል

ቻይናውያኑ ከመጡ ወዲህ አራቱም ነባሮች ዋጋና ዕቃ ላይ መለሳለስ ጀምረዋል። ግሬት ዎል በአንዳንድ ገበያ የሰባት ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ ነባሮቹ በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጡት ካሜራና የቆዳ ወንበር እዚያ ከመነሻው አለ። በ2024 ሜክሲኮ ላይ ይፋ የሆነው የቢዋይዲ ሻርክ ባለ ሶኬት ሃይብሪድ ነው፤ አጭር መንገድ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ሲነሳም ናፍጣዎቹን ጥሎ ይሄዳል። ግን ይጫን ሲባል አውስትራሊያ ውስጥ የተሸጠው 790 ኪሎ ብቻ ተሸክሞ 2.5 ቶን ብቻ ይስባል። ሰው ለሚያመላልስ ይበቃል፣ ድንጋይና ሲሚንቶ ለሚጭን አይበቃም።

ረጅም ዋስትና ጥሩ ነው፤ የሚያዋጣው ግን ዕቃውን የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ነው። ፉክክሩ ሲጦፍ ሞዴል ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ያልቀናው ደግሞ ገበያውን ጥሎ ይወጣል። ይህ የቻይናውያን ዕጣ ብቻ አይደለም። መርሴዲስ የኒሳን ናቫራን መሠረት ወስዶ በ2017 ኤክስ-ክላስን አወጣ፣ በ2020 ምርቱን አቆመ። ኤል200ን በራሱ ስም ይሸጥ የነበረው የፊያት ፉልባክም ብዙ አልቆየም። እንዲህ ያሉት ያገለገሉ መኪኖች ረክሰው ሲገኙ፣ ከወንድማቸው ጋር የሚጋሩት ዕቃ ብዙ ስለሆነ ለሚያውቅ ሰው ሸጋ ግዢ ናቸው፤ የማይጋሩት ዕቃ ሲበላሽ ግን፣ የኤክስ-ክላስ ቪ6 ሞተርን የመሰለ፣ ቁጠባው በአንድ ጊዜ ያልቃል።

የቱን ልግዛ?

አሥር ዓመት ይዤ እሠራበታለሁ ለሚል፣ ባለ 3.0 ሊትር ዲማክስ፤ አላመነታም። በሦስት ዓመት ሸጬ ልቀይር የሚል ወይም ከሠለጠነ ጋራዥ ርቆ የሚሠራ፣ ከ2020 ወዲህ የተሠራ ሃይሉክስ። ቤተሰብም ሥራም በአንድ መኪና ለሚያደርግና ሰርቪስ ለማያሳልፍ፣ ሬንጀር ቪ6፤ 2.0 ሊትሩን ከሆነ ቺንጋ ይኑረው ሰንሰለት በሻንሲ ቁጥሩ አጣርቶ። መንገዱ አስፋልትና ጭቃ ለተቀላቀለበት፣ ኤል200። ቻይናውያኑን የምመክረው ሻጩ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ዕቃ፣ ኢንጀክተር፣ ቱርቦና የፊት መብራት፣ ዋጋቸውንና የሚመጡበትን ቀን በጽሑፍ ሲሰጣችሁ ብቻ ነው። ለነባሮቹም ብትጠይቁት አይከፋም፤ ሃይሉክስ ሻጮችም አንዳንዴ መብራቱ ላይ ይንተባተባሉ።