አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ የምትኖሩ ወላጆች፣ እኚህን ሴት ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል

አደባባይ ወጥቼ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ይሄን ግን ሆዴ ውስጥ ይዤው ብቀር እግዜርም አይወደውም። የልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የወላጆች አገናኝ ሆነው የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ። እነሱ ፓረንት ሊየዘን ይሏቸዋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። እሳቸው ያደረጉልኝን ግን ስሙልኝ።

ልጄ አሁን 8ኛ ክፍል ነው። እዚህ አገር የመጣነው የ5 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አማርኛ ጥርት አድርጎ ይናገራል፣ መጻፍ ግን አይችልም ነበር።

ወደ 7ኛ ክፍል ሲያልፍ የትምህርት መምረጫ ቅጽ መጣ። የውጭ ቋንቋ የሚል ቦታ አለው፤ ስፓኒሽ፣ ፈረንሳይኛ። ልጄ ፈረንሳይኛ አለ። ምክንያት አለው። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ነበር የሠራው። የዚያን ጊዜ የባቡሩ ሥራ በፈረንሳይኛ ነው የሚሄደው። አባቴ ትምህርት ቤት ብዙም አልገባም፣ ፈረንሳይኛውን ግን እዚያው ሃዲዱ ላይ ለቅሞ ለምዶት ነበር። እኛን ከእንቅልፍ ሲቀሰቅሰንም በፈረንሳይኛ ነበር። ይሄን ለልጄ ስነግረው ነው ያደገው።

ያኔ የነበረበት ትምህርት ቤት ሄድን። የተቀበለችን ሠራተኛ ቅጹ ላይ ቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ አማርኛ የሚለውን አየችና መጀመሪያ እንግሊዝኛው ይጠንክር አለች። ሌላ ቋንቋ ይከብደዋል፣ ተጨማሪ የንባብ ክፍል ይግባ። ይሄን ሁሉ የምትነግረው ለእሱ ነው። እሱ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ ይተረጉማል። "እማ፣ አይሆንም፣ አይችልም እያለች ነው።" የ12 ዓመት ልጅ ስለራሱ አይችልም የሚለውን በራሱ አፍ ለእናቱ ሲተረጉም አስቡት። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ፈርሜ ወጣሁ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቢያንስ የራሱን ቋንቋ ይጻፍ ብዬ ደግሞ አስጠኚ ቀጠርኩለት። በወር እየከፈልኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሀ ሁ ሂ አስጮኸውና አንድ ቀን "ኢትዮጵያዊ ሆነህ አታፍርም?" ብሎ ተቆጣው። ልጄ እያለቀሰ መጣ። ከዚያ በኋላ አማርኛ ስናገረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኝ ጀመር።

ዓመቱ ሳያልቅ ቤት ቀየርን፣ ትምህርት ቤትም ተቀየረ። የ8ኛ ክፍል ቅጽ ሲመጣ ፈራሁ። አንዲት ጓደኛዬ እዚያ ሐበሻ ሴትዮ አሉ፣ ደውይላቸው አለችኝ። ደወልኩ። ሆቴል ነው የምሠራው፣ የምወጣው በዚህ አገር አቆጣጠር ማታ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ አልደርስም አልኳቸው። "ነይ፣ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ" አሉኝ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ደረስኩ። ጨልሟል። ኮታቸውን ለብሰው ጠበቁኝ።

ልጄ እንደ ልማዱ ሊተረጉም አጠገቤ ተቀመጠ። እሳቸው ምን አሉት መሰላችሁ? "አንተ ዛሬ አስተርጓሚ አይደለህም፤ ተማሪ ነህ። እናትህን ለእኔ ተዋትና የምትወደውን ንገረኝ።" ልጁ ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ስንት ዓመት የኔን ሸክም ተሸክሞ እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ እርሳስ አንስተው ቅጹ ጀርባ ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። በ8ኛ ክፍል የሚወስደው የፈረንሳይኛ አንደኛ ደረጃ ለሃይስኩል ይቆጠርለታል። አድቫንስድ የሚባለውን ከፍ ያለ የሃይስኩል ዲፕሎማ የሚፈልግ ልጅ አንድ ቋንቋ 3 ዓመት ወይም ሁለት ቋንቋ 2፣ 2 ዓመት መማር አለበት፣ ስለዚህ አሁን ከጀመረ ይቀለዋል። ውጤቱ ቢበላሽስ አልኳቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ ወላጅ ካመለከተ ትምህርቱ ከትራንስክሪፕቱ፣ ከውጤት ማስረጃው ማለት ነው፣ እንዲወጣ ማድረግ ይችላል፣ ቀኑ ሳያልፍ ብቻ አሉኝ። የክሬዲቱ፣ ለመመረቅ የሚቆጠረው ነጥብ፣ አቆጣጠር ዛሬም በደንብ አይገባኝም። ልጄ እንደማይጎዳ ግን ገባኝ።

ቀጥለው ያሉትን ስሰማ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ካውንቲው ቋንቋን ተፈትኖ ክሬዲት የሚያገኙበት ፈተና አለው፣ አማርኛም አለበት! ያ እንደ እንቅፋት የታየብን የቤታችን ቋንቋ! ፈተናው በጽሑፍ ስለሆነ መጻፍ ይልመድ አሉ። ልጄ ፊቱ ተለወጠ። የአስጠኚውን ነገር ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና "አያቱ በሕይወት አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ድሬዳዋ አለች አልኳቸው። "በሳምንት አንድ ደብዳቤ ይጻፍላት፣ ሦስት መስመርም ቢሆን። ስህተቱን አታርሚበት።"

በማግስቱ ራሳቸው ካውንስለሩን፣ የተማሪዎች አማካሪውን፣ አነጋግረው ደወሉልኝ። ፈረንሳይኛ ገባ።

ፈተናውን ገና አልወሰደም። ደብዳቤውን ግን ይጽፋል። እኔ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ፣ እናቴ ጮክ ብላ ታነባለች። የመጀመሪያው ላይ "አያቴ ናፍቀሽኛል" የሚለውን ፊደሉን አበላሽቶ ጽፎት ነበር። እናቴ ግን ገብቷት ስታለቅስ በስልክ ሰማኋት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከታች በፈረንሳይኛ አንድ መስመር ጨመረ፣ ለአባቴ መታሰቢያ ብሎ።

እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ቅጹ አብዛኛውን ጊዜ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤታችሁ ደውሉና ፓረንት ሊየዘን አለ ወይ በሉ። ሊየዘኑ አማርኛ ተናጋሪ ባይሆኑ እንኳ የሕዝብ ትምህርት ቤት ለወላጅ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። የእኚህን እናት ትምህርት ቤት ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እነግራችኋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት እረፍት ነኝ፣ ብትደውሉም አነሳለሁ።

እትዬ፣ ይሄን ካነበቡት እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ያ በእርሳስ የሣሉበት ወረቀት አሁንም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።