ዱቄት ወይስ ሲኦቱ? ለቮልስና ለሌሎች አሮጌ መኪኖች እሳት ማጥፊያ ስትገዙ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቮልስ፣ ፔጆ 404 ወይም አሮጌ ላንድሮቨር የሚነዳ ወዳጅ ሲያገኘኝ ጥያቄው አንድ ነው። «የትኛውን እሳት ማጥፊያ ልግዛ?» ሰሞኑን ደግሞ ጥያቄው በዛ። አንድ ጓደኛችን ለቦሎ (ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ) ብሎ የገዛው ማጥፊያ፣ ሞተሩ እሳት ሲይዝ ሁለት ጊዜ ትንፍስ አለና ቆመ። መኪናውን ያተረፉለት አፈር በአካፋ እየዛቁ የደፉ የመንገድ ሠራተኞች ናቸው። ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ባለ 2 ኪሎ ዱቄት የሚረጭ ማጥፊያ ግዙ። አናቱ ብረት ይሁን፣ የግፊት መለኪያ ይኑረው፣ ተመልሶ የሚሞላ ይሁን። ሲኦቱ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚረጨው፣ ለሱቅና ለቢሮ ጥሩ ነው፤ ለነፋሻው የታርማበር ተራራ ዳገት ግን አልመክርም። ባለ 1 ኪሎው ቦሎ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። ከሁሉም በፊት ግን የቤንዚን ቱቦውን ቀይሩ። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ዋጋ። ብር በሐምሌ 2016 ከተንሳፈፈ ወዲህ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። የምጽፈው እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ዞሬ ስጠይቅ የተባልኩትን ነው። ባለ 1 ኪሎ ዱቄት ከ1,200 እስከ 1,800 ብር። ባለ 2 ኪሎው ከ2,300 እስከ 3,200። ባለ 2 ኪሎ ሲኦቱ 7,000 ተጠርቶ 6,500 ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለም። በአንድ ሲኦቱ ዋጋ ሁለት ደህና ዱቄት ተገዝቶ ለቱቦ የሚሆን ሳንቲም ይተርፋል። መርካቶ ብትወርዱ ባለ 2 ኪሎው ላይ 300 ብር ያህል ታተርፉ ይሆናል። 130 ኪሎሜትር ሄዶ መመለሱ ግን ያንን ይበላዋል። ሌላ ጉዳይ ካላችሁ ብቻ እዚያ ግዙ።

ማስሞላቱንም አስቡት። ዱቄት ማስሞላት እኔን የአዲሱን ሲሶ ያህል አስከፍሎኛል። ሲኦቱ ግን በከፍተኛ ግፊት የሚሞላ ስለሆነ ለብቻው ማሽን ይፈልጋል። ዱቄት የሚሞላ ሁሉ እሱን አይሞላም። መለኪያ ሰዓትም የለውም፤ መጉደሉ የሚታወቀው በሚዛን ነው። ተመዝኖ ከጎደለ ደግሞ ይዞ መንከራተት ነው።

ዋጋው ባይለያይ እንኳ ዱቄቱን እመርጥ ነበር። ሲኦቱ እሳቱን የሚያፍነው አየሩን ገፍቶ ነው። የታርማበር ነፋስ በአንድ እስትንፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። ከዚያ የጋለው ማርሚታ ላይ የቀረው ቤንዚን እንደገና ይያያዛል። የሚደርስበት ርቀትም አጭር ነው፤ አንድ ሁለት ሜትር ድረስ መጠጋት አለባችሁ። ዱቄቱ ሦስት ሜትር ላይ ቆማችሁም ይደርሳል። ክብደቱ ሌላ ጣጣ ነው። 2 ኪሎ ሲኦቱ የያዘ የብረት ጠርሙስ በጠቅላላው ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቮልስ ውስጥ አጥብቃችሁ የምታስሩበት ቦታ አታገኙለትም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ መስኮት ተዘግቶ ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ ደግሞ ግፊቱ እየጨመረ ይሄዳል።

የዱቄቱን ጉድለት አልደብቅም። ቆሻሻ ነው። ኤቢሲ (ABC) የሚባለው ዱቄት ሞኖአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ ሲሞቅ ቀልጦ ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየም ይበላል። ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ከገባ ፈትቶ ማጠብ ግድ ነው። ቢሲ (BC) የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው፤ ለማጽዳት ይቀላል፣ ብረትም ብዙ አይጎዳም። ግን ጨርቅና ስፖንጅ ላይ ደካማ ነው። ቮልስ ውስጥ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ወንበሩም ይነዳል። ስለዚህ ኤቢሲ እላለሁ። የካርቡሬተር እጥበት ከመኪና ዋጋ ይሻላል።

በየቴሌግራሙ የሚሸጠው እሳት ሲነካው በራሱ የሚፈነዳው ኳስስ? ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ይጠቅም ይሆናል። የአሮጌ መኪና ሞተር ክፍል ውስጥ ግን የሚንጠለጠልበት ቦታ የለም። የሽቶ ጣሳ የሚያህለውን ስፕሬይም ለብቻው አትመኑ።

አሁን ወደ ኮፒው፣ አስመስለው ወደሚሠሩት ማጥፊያ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ አምስት ነገር ሳታዩ አትክፈሉ። መለያው ላይ የጠቅላላ ክብደቱ ተጽፏል፤ እህል መሸጫ ሚዛን ላይ አስመዝኑት። ግማሽ ኪሎ ከጎደለ ዱቄቱ አልሞላም። ቀጥሎ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ ጆሯችሁ ላይ አስጠጉት። ደህናው ዱቄት እንደ ጤፍ ዱቄት ሸርተት ሲል ይሰማል። የረጋው አንድ ላይ ዱብ ይላል ወይም ጭራሽ አይንቀሳቀስም። መለኪያው ላይ ደግሞ በጣታችሁ መታ መታ አድርጉ። አንዳንዱ ኮፒ ላይ ቀስቱ አረንጓዴው ላይ የተጣበቀ ነው፤ ባዶ ሆኖም አረንጓዴ ያሳያል። የቀስቱን ጫፍ በደንብ እዩ፤ የእውነተኛው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አናቱ ፕላስቲክ ከሆነ መልሱ። የተሞላበትን ቀንም አንብቡ፤ ስቲከር ላይ ስቲከር ከተለጠፈ የላይኛውን በጥፍራችሁ አንሱት። ባለሱቁ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ አለ።

ደህናውን ከገዛችሁ በኋላም ዱቄቱ በመንገዱ ንዝረት እየተጠቀጠቀ ሥር ይይዛል። በወር አንዴ ገልብጣችሁ ቂጡን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ። የሚቀመጠው ሾፌሩ ወንበር ፊት፣ በብረት ማሰሪያ ነው። ሻንጣ ሥር የተቀበረ ማጥፊያ የለም ማለት ነው።

ቱቦው ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ባለ 2 ኪሎ ዱቄት በሰከንዶች ያልቃል። ቤንዚን እየፈሰሰ ከቀጠለ ማጥፊያ አያሸንፈውም።

የኛ አገር መንገድ ደግሞ ለቱቦ ጠላት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ታርማበር ከ3,000 በላይ ነው። ያንን ሁሉ በአንድ ዳገት ነው የምትወጡት። ሞተሩ ይግላል፣ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይፈላል፣ መኪናው ይጠፋል። ደጋግማችሁ ስታስነሱ ካርቡሬተሩ ቤንዚን ይሞላና ያንጠባጥባል። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ቤንዚን ይበዛበታል። ከዚያ ደግሞ የደብረ ብርሃን ውርጭ አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አልነሳ ሲል የአየር ፊልትሮውን አንስቶ ከሃይላንድ ጠርሙስ ካርቡሬተር አፍ ላይ ቤንዚን የሚያንቆረቁር መካኒክ ታያላችሁ። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲተኩስ ነበልባሉ በዚያው አፍ ይወጣል፤ ጠርሙሱ ደግሞ እጁ ላይ ነው። እባካችሁ ይህን አታስደርጉ። ባትሪውን ቻርጅ አስደርጉ፣ ካንዴላ አጽዱ፣ ቾኩን አሠሩ።

ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቱቦ አለ። በውስጡ የሚያሳየው ፕላስቲክ፣ ለኔ በሜትር 100 ብር የተጠራ። ከላይ ጨርቅ የለበሰው፣ 250። ለኢንጀክሽን ሞተር የተሠራው ወፍራም ጥቁር ላስቲክ፣ 800። ምርጫዬ ባለ 800ው ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ለቮልስ ሁለት ሜትር ከበቂ በላይ ነው። 1,600 ብር ከፍላችሁ ለዓመታት ትተኛላችሁ። ላስቲኩ ላይ ኤስኤኢ 30 አር 9 (SAE 30R9) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ አር 7 የሚለውም ለካርቡሬተር መኪና ይሠራል፣ አር 9 ግን ሙቀትና ኤታኖል ያለበትን ቤንዚን የበለጠ ይችላል። ፕላስቲኩ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ብዛት ደርቆ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ጨርቅ የለበሰው የባሰ ነው፤ ላስቲኩ ውስጥ ውስጡን ሲሰነጠቅ ጨርቁ ይሸፍነዋል። ፋብሪካው ድሮ የገጠመው እሱን ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ልክ ናቸው፤ ግን ዛሬ የሚሸጠው ከድሮው ጋር አንድ አይደለም።

ጽሑፉም ስለሚኮረጅ በቢላ ቆርጣችሁ እዩት። ደህናው ሽፋን በሽፋን ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ላስቲክ፣ መሃሉ የተሸመነ ክር፣ ላዩ ሌላ ላስቲክ። ኮፒው አንድ ወጥ ላስቲክ ነው። ጣት የምታህል ቁራጭ ክዳን ባለው ብርጭቆ ቤንዚን ውስጥ ለአንድ ሳምንት ዘፍዝፉ፤ ከቤት ውጭ፣ ልጆች የማይደርሱበት። መጥፎው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቤንዚኑን ያጠቁረዋል። ልኩንም ጠይቁ። የቮልስ ቱቦ ውስጡ 5.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሱቅ የሚሰጣችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ነው። ላላ ሲል በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ያንቁታል፣ ፋሼታው ላስቲኩን ይቆርጠዋል። ጠርዙ የተጠቀለለ ለስላሳ ፋሼታ ግዙ። እኔ ስጠይቅ ልዩነቱ በአንዱ 40 ብር ነበር፤ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

መካኒኩ ቱቦ ሲቀይር ሦስት ቦታ አሳዩት። ቮልስ ላይ ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚቀበልባት ትንሽ የነሐስ ቧንቧ አለች። እየላላች ትወጣለች፣ ቤንዚኑ ሥሯ ያለው፣ ለካንዴላ ብልጭታ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ይፈሳል። በእጃችሁ ያዙና አዙሩ፤ ከዞረች እንደ ብሎን ክር ወጥቶላት ትታሰር። ሁለተኛ፣ ፕላስቲክ የቤንዚን ፊልትሮ ሞተር ክፍል ውስጥ አይንጠልጠል። ከፊት ታንኩ አጠገብ ይግባ። ሦስተኛ፣ ባትሪው ክዳኑ ካለ እዩ። ከባድ ሰው ኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ይነካና ይያያዛል። በተረፈ ታንኩ ሥር የቤንዚን መዝጊያ ቧንቧ ማስገባት ትንሽ ወጪ ነው። የነዳጅ መለኪያ ያልነበራቸው የድሮ ቮልሶች ከፋብሪካው ቧንቧ ይዘው ይመጡ ነበር።

እሳት ቢነሳስ? የታርማበር መንገድ በሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ ሳላችሁ የቤንዚን ሽታ ከመጣ ሞተሩን ሳታጠፉ ከዋሻው ነድታችሁ ውጡና ቁሙ። ነበልባል ካያችሁ ግን የትም ሁኑ፣ ቁልፉን አጥፉ። የቮልስ ፋን አየር እየነፋ ፖምፓው ቤንዚን እያጠጣ ሳለ ማጥፊያ መርጨት ብክነት ነው። ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ዳገት ላይ ከሆናችሁ አንዱ ጎማ ሥር ድንጋይ ይጣል። ኮፈኑን በአንዴ አትክፈቱ። አየር ሲያገኝ ፊታችሁ ላይ ይነሳል። ጣት የሚያስገባ ያህል አንሱና በክፍተቱ፣ ወደ ሥሩ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ ርጩ። ሁሉንም አትጨርሱ፤ ትንሽ አስቀሩ፣ ተመልሶ ይነሳ ይሆናል።

ሰው ጀሪካን ውሃ ይዞ ይሮጣል። ለደግነቱ አመስግኑና አቁሙት። ቤንዚን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ እሳቱ ከመኪናው ሥር ይስፋፋል። የቮልስ ሞተር አካሉ ማግኒዚየም ያለበት ነው። እሱ ከተያያዘ ነጭ ብርሃን ያወጣል፣ ውሃ ሲነካው ይፈነጣጠራል፣ የእኛ ዱቄትም አያጠፋውም። ያንን ነጭ ብርሃን ካያችሁ መኪናውን ተዉት፤ ሰውን አርቁ። መሬት ላይ የፈሰሰውን ቤንዚን ግን ደረቅ አፈር ያፍነዋል።

የማጥፊያውን እጀታ አንዴ ከተጫናችሁት፣ ለአፍታም ቢሆን፣ መለኪያው አረንጓዴ ቢያሳይም አስሞሉት። የዱቄት ቅንጣት ቫልቩ ላይ ትቀርና ግፊቱ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ሲሞሉላችሁ ቁማችሁ እዩ፤ አሮጌውን ዱቄት አራግፈው ቫልቩን መጥረጋቸውን፣ አዲሱን መዝነው መጨመራቸውን። «ነገ ና ውሰድ» የሚል ቦታ አትተዉት።