ሦስት ሊትር የተልባ ዘይት በቅናሽ ገዝቼ እንዴት እንደተበላሁ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ገንዘቤን ለማስመለስ አይደለም፤ እሱን ትቼዋለሁ። ያው ማስታወቂያ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ስላየሁ ነው። «ንጹህ የተልባ ዘይት፤ ሦስት ጠርሙስ ለሚገዛ አንድ ብልቃጥ ካፕሱል በነጻ፤ ቅናሹ ዛሬ ማታ ያበቃል።» እኔ ከገዛሁ ሦስት ወር አልፎኛል። ቅናሹ እስካሁን «ዛሬ ማታ» ያበቃል።

የገዛሁት ለእማዬ ነው። የልብ ምቷ ስለሚዛባ ለዓመታት ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ለሻጩም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይነካትም። እንዲያውም ቀስ በቀስ ኪኒኑን ያስተዋታል» አለኝ። ስልኩን መዝጋት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። አልዘጋሁም፤ ከፈልኩ።

ዕቃው መጣ። ሦስት ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ፣ ውስጡ ወለል ብሎ የሚታይ ነጭ ፕላስቲክ። መቼ እንደተጨመቀ የሚል የለም፣ የምርት መለያ ቁጥር የለም፤ «ጊዜው የሚያበቃው» የሚለው ደግሞ ከላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። ክዳኑን ስከፍት አዲስ የተቀባ ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። ቀመስኩት፤ መራራ ነው። ለሻጩ ስጽፍለት ምን ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? «ምሬቱ ነው መድኃኒቱ፤ መርዝ የሚያስወጣው እሱ ነው።»

ውሸት ነው። ትኩስ የተልባ ዘይት ለስላሳ ነው፣ ለውዝ ለውዝ ይላል። ቀለም ቀለም ከሸተተና ከመረረ ተበላሽቷል ማለት ነው። የቀለሙ ሽታ ደግሞ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከዘይቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባል የኦሜጋ 3 ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ኦክስጅን በቀላሉ የሚያጠቃቸው 3 ደካማ መጋጠሚያዎች አሉት። ሠዓሊዎች ለዘመናት የዘይት ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የለወሱት አየር ሲነካው ስለሚጠነክር ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ሊኖሌም የተባለውን የወለል ንጣፍ የሠራውም በዚሁ ጠባዩ ተጠቅሞ ነው። ሥዕሉን የሚያደርቀው ነገር ጠርሙስ ውስጥ ሲሆን ዘይቱን ያበላሸዋል። ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ያፈጥኑታል።

እንግዲህ ቅናሹን በዚህ ዓይን እዩት። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 15 ሚሊ ሊትር የሚወስድ ሰው አንዱን ሊትር ለመጨረስ 66 ቀን ይፈልጋል፤ ሦስቱን ለመጨረስ ከስድስት ወር በላይ። አምራቾች ግን ብዙ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ጨርሱት ነው የሚሉት፣ ያውም ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ። ለስኳር ወይም ለሳሙና «ብዙ ግዛ» ጥቅም ነው። ለዚህ ዘይት ግን ሻጩ መጋዘኑን አጸዳብህ ማለት ነው።

ጠርሙሱ ላይ ስለተጻፈው ብዛት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «2 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን 3 ጊዜ» ይላል። አንዱ ማንኪያ 120 ያህል ካሎሪ አለው፤ ስድስቱ ከ700 ያልፋል። ሆድ ማስቀመጡ ሳይቆጠር ነው። ለአዋቂ ሰው በቂ ተብሎ በአሜሪካ የተመከረው የዚህ ኦሜጋ 3 መጠን በቀን ለወንድ 1.6 ግራም፣ ለሴት 1.1 ግራም ነው። አንድ ማንኪያ ብቻውን 7 ግራም ገደማ ይይዛል። ስድስት ማንኪያ የሚጠቅመው ሻጩን ነው።

ወደ «ነጻው» ካፕሱል ስንመጣ ነገሩ ያስቃል። ፊቱ ላይ በትልቁ «1000 ሚሊ ግራም ኦሜጋ 3-6-9»። ከጀርባው በጉንዳን ፊደል፦ የተልባ ዘይት 400፣ ቀሪው የሱፍ አበባ ዘይት። አንድ ሺሁ የዘይቱ ክብደት እንጂ የኦሜጋ 3 መጠን አይደለም፤ ኦሜጋ 3ቱ 200 ገደማ ነው። ኦሜጋ 9ን ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፣ ኦሜጋ 6ን ደግሞ ከተለመዱት የምግብ ዘይቶች በቀላሉ እናገኘዋለን። «የዓሣ ዘይትን ይተካል» የሚለውም እንዳያታልላችሁ። ዓሣ ውስጥ ወዳሉት ዓይነቶች ሰውነታችን የሚለውጠው ከተልባው ኦሜጋ 3 ጥቂቱን ብቻ ነው።

«በሳይንስ የተረጋገጠ» ሲሉኝ የትኛው ብዬ ጠየቅሁ፤ የደም ግፊት ጥናት ላኩልኝ። ጥናቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ የእግር ደም ሥራቸው የጠበበ 110 ሰዎች የተሳተፉበት፤ ለ6 ወር ተልባ የወሰዱት ሰዎች የላይኛው የግፊት ቁጥር በ10 ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ግን የወሰዱት በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ነው። ፍሬው! ዘይቱ ሲጨመቅ ቃጫው ይቀራል፣ ሊግናን የሚባሉት ንጥረ ነገሮችም አብዛኞቹ ከፋጉሎው ጋር ይቀራሉ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ እንዲሉ፣ የማስታወቂያው ጫጫታ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይደቃል፦ ጥናቱ በፍሬው ነው ወይስ በዘይቱ?

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልግባ። እማዬ ሳትጀምረው ወደ ሐኪሟ ደወልኩ። ተቆጡኝ። የተልባ ዘይት የደምን መርጋት ትንሽም ቢሆን ሊቀንስ ይችላል፤ ከዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል ከሚባለው ሌላ ደም ማቅጠኛ ወይም ከአስፕሪን ጋር ሲደመር የመድማት አደጋ ሊጨምር ይችላል። የድድ መድማት፣ ሳይመቱ የሚወጣ ሰንበር፣ የጠቆረ ሰገራ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሕክምና ቦታ ሂዱ። ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ፣ እርጉዝ የሆነችም እንዲሁ ቀድመው ይጠይቁ። ኪኒንህን ተው የሚል ሻጭ ግን ለምን እንደሚል አትጠይቁት፤ ዝጉበት።

መግዛታችሁ ካልቀረ ትንሿን ግዙ። ጥቁር ወይም ቡናማ ብርጭቆ፣ የተጨመቀበት ቀን የታተመበት፣ ሻጩ ራሱ ከፍሪጅ የሚያወጣው። አትጥበሱበት፤ 107 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መጨስ ይጀምራል። ለእንጨትና ለቀለም የሚሸጠውን ደግሞ ጨርሶ አትቅመሱ፤ «የተፈላ» የሚባለው ቶሎ እንዲደርቅ የብረታ ብረት ውህዶች የተጨመሩበት ነው።

ሻጩ «እሽጉ ተከፍቷል» ብሎ አልመለሰልኝም። ሳይከፈት እንዴት እንደሚሸተት እንዲያስረዳኝ ጠይቄው ነበር፤ ቁጥሬን ዘጋው። በዘይቱ አሁን የእንጨት ወንበሮቼን እየወለወልኩበት ነው፣ ያምራሉ። የወለወልኩበትን ጨርቅ ግን ጠቅልዬ አልጥለውም፣ ደጅ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል።