የትምህርት ፋውንዴሽኗን ሴትዮ አመስግኑልኝ (ፐብሊክ ስኩል ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት)

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። እኔ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም፣ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ይሄን ግን ዝም ብል ነውር መሰለኝ። ልጆቼ የሚማሩበት ዲስትሪክት (የአካባቢው ፐብሊክ ስኩሎች አስተዳደር ማለት ነው፣ እዚሁ ዲኤምቪ፣ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ) የትምህርት ፋውንዴሽን አለው፣ እዛ የግራንት (ለአንድ ስራ ተብሎ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ) ስራ የምትይዝ አንዲት ሴትዮ አለች፣ ስሜን እንዳትጽፊ ስላለችኝ አልጽፍም፣ ለልጄ አስተማሪ ያደረገችላትን አይቼ ግን በልቤ እግዜር ይስጣት ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጄ አስተማሪ ሶስተኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፣ ክፍሏ ውስጥ የኛ ልጆች አሉ፣ የሳልቫዶር አሉ፣ የአፍጋን አሉ፣ እሷ ያሰበችው አርብ አርብ እያንዳንዱ ልጅ በቦርሳ መጽሐፍ ይዞ ቤት እንዲገባ ነው፣ እንግሊዝኛና የቤቱ ቋንቋ ጎን ለጎን ያለበት፣ እናትና አባት እንግሊዝኛው ባይሆንላቸውም አብረው ቁጭ ብለው እንዲያነቡ። ሀሳቡ ማር ነው ግን ብር የለም፣ የትምህርት ቤቱ በጀት እዚህ ድረስ አይደርስም። ርእሰ መምህሩ ፋውንዴሽኑን ጠይቂ አሏት።

ለማታውቁት ፋውንዴሽኑ የዲስትሪክቱ ቢሮ አይደለም። ራሱን የቻለ በጎ አድራጎት ነው፣ ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ የሚሉት፣ ከታክስ ነጻ የሆነ፣ የራሱ ቦርድ አለው፣ ከካምፓኒውም ከባንኩም ከግለሰቡም ገንዘብ ያሰባስብና ለፐብሊክ ስኩሎች ይሰጣል። ከፒቲኤ (የወላጅና የመምህራን ማህበር) ጋር አታምታቱት፣ ፒቲኤ የአንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ሀብታም ሰፈር ያለው ፒቲኤ በአንድ ምሽት ጨረታ የሚሰበስበውን የኛ ሰፈሩ በአመትም አያየውም፣ ፋውንዴሽኑ ግን ለመላው ዲስትሪክት ነው። እንዲህ አይነቶቹ ፋውንዴሽኖች እየበዙ የመጡት ካሊፎርኒያ ውስጥ በፈረንጅ 1978 ፕሮፖዚሽን 13 የሚባለው በህዝብ ድምጽ የጸደቀ ህግ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ የሚያገኙበትን የቤት ታክስ ከቆረጠው በኋላ ነው፣ የሳን ፍራንሲስኮው ኤጁኬሽን ፈንድ በአመቱ 1979 ተቋቋመ፣ ከዛ ወዲህ በየከተማው ተስፋፋ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። እኛ እንዲህ አይነት ነገር ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው እዛ ውስጥ ማን አለሽ ነው አይደል? እኔም አስተማሪዋን ይቺን ሴትዮ በደንብ ያዢያት፣ ቡናም ጋብዣት አልኳት። ለካ ሴትዮዋ ማን ያግኝ ማን አትወስንም! ማመልከቻው ሲገባ የአስተማሪዋና የትምህርት ቤቱ ስም ይሸፈናል፣ ከዛ ለአንባቢዎች ይበተናል፣ አንባቢዎቹ ወላጆችና ጡረታ የወጡ አስተማሪዎች ናቸው፣ በነጻ ነው የሚያነቡት፣ እያንዳንዱ ማመልከቻ ከአንድ በላይ ሰው ጋ ይደርስና በተሰጣቸው ሩብሪክ (የነጥብ መስጫ መስፈርት) ነጥብ ይሰጣሉ፣ ችግሩ ምንድነው፣ ስንት ልጅ ይጠቀማል፣ መጥቀሙን በምን ታውቂያለሽ፣ ዋጋው እውነተኛ ነው ወይ፣ እንዲህ እንዲህ። ነጥቡ ተደምሮ ቦርዱ ያጸድቃል። የሷ ስራ ከዛ በፊትና ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ምስጋናዬም እዛ ላይ ነው።

ከበፊቱ ብጀምር፣ አስተማሪዋ የጻፈችውን ረቂቅ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ አነበበችላትና የቱ ጋ ነጥብ እንደምታጣ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት። ልጆች ማንበብ ይወዳሉ የሚለውን አውጪው፣ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚጽፈው፣ ይልቅ ስንቱ ቤት በልጁ ቋንቋ አንድም የልጅ መጽሐፍ እንደሌለ ወላጆችን ጠይቀሽ ቁጥሩን አስገቢ አለቻት። እኛም ተጠየቅን፣ የእኔ ቤት ከሌላቸው ጋር ነው የተቆጠረው። ደግሞ የማይሆነውን ፊት ለፊት ነው የምትነግርሽ፣ ለደሞዝ አይሰጥም፣ ለምግብ አይሰጥም፣ ለቲሸርት አይሰጥም። ሌላ አስተማሪ ታብሌት ልትጠይቅ ስትል መጀመሪያ የዲስትሪክቱን አይቲ ጠይቂ፣ እነሱ ያላጸደቁትን እቃ እኔ ብገዛልሽም ክፍል ውስጥ አታበሪውም ብላታለች። እስቲ እንዲህ የሚነግራችሁ ቢሮ ስንት አለ?

ከዛ ግራንቱ ተፈቀደ፣ ሺህ ዶላር የማይሞላ ነው፣ በቃ አለቀ ሲባል ትልቁ ጣጣ መጣ። ገንዘቡ በአስተማሪዋ እጅ አይገባም፣ በትምህርት ቤቱ አካውንት ነው የሚያልፈው፣ ግዢውም በፐርቸስ ኦርደር (በጽሁፍ የግዢ ትእዛዝ) ነው፣ ሻጩ ደግሞ በዲስትሪክቱ የሻጮች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ የሚሸጡልን ጋሼ እዛ ዝርዝር ውስጥ ከየት ይምጡ! አስተማሪዋ ተስፋ ቆርጣ አማርኛውን ትቼ ስፓኒሽና ዳሪውን (የአፍጋኖቹን ቋንቋ) ብቻ ልግዛ እስከማለት ደርሳ ነበር። ሴትዮዋ ራሷ ለጋሼ ደወለችላቸው፣ ደብሊው ናይን የሚባለውን ፎርም (ሻጩ ስሙንና የታክስ ቁጥሩን የሚሰጥበት) እንዲሞሉ አስረዳቻቸው፣ ኢንቮይሱ (የክፍያ መጠየቂያው) ላይ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት፣ ትምህርት ቤቱ ሴልስ ታክስ እንደማይከፍል፣ እቃው ከደረሰ በኋላ እንጂ አስቀድሞ እንደማይከፈላቸው፣ ሁሉንም። ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ብዙም አይደሉም፣ አልተሰላቸችባቸውም፣ ጋሼ ራሳቸው "እንዲህ ያለ ትዕግስት በአገሬም አላየሁ" ነው ያሉኝ። ፎርሙን ሞሉ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ገቡ፣ ከአሁን ወዲያ የዲስትሪክቱ ሌላ ትምህርት ቤት አማርኛ መጽሐፍ ቢፈልግ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። እኔን ከግራንቱ በላይ ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

የሚጎድለውንም ልናገር፣ ሁሉ ነገር ማር ወተት ነው ካልኩ አታምኑኝም። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ወላጅ በቀጥታ ማመልከት አይችልም፣ በአስተማሪ ወይም በትምህርት ቤት በኩል ነው። ግራንቱም የአንድ ጊዜ ነው፣ የተቀደደውን መጽሐፍ ለከርሞ ማን ይተካዋል ለሚለው መልስ የለም፣ ደግሞ ይሄ ብር የመንግስትን በጀት ይተካል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል፣ የዲስትሪክት በጀት በቢሊዮን ነው የሚቆጠረው፣ ይሄ ከዛ ጋር ሲተያይ ሽርፍራፊ ነው። መጨረሻ ላይ ሪፖርትም አለ፣ ምን ተገዛ፣ ስንት ልጅ ወሰደ፣ ደረሰኙ የታለ። አስተማሪዋ እሱን እየጻፈች ትነጫነጫለች ግን ሰው የሰጠው ገንዘብ ስለሆነ ልክ ነው ባይ ነኝ።

ጥቆማዬ እንግዲህ፣ የልጃችሁን አስተማሪ የዚህ አመቱ ግራንት መቼ ነው የሚከፈተው በሉና ጠይቁ፣ ብዙዎቹ አስተማሪዎች ራሳቸው ጊዜ አጥተው ነው የሚተዉት። ፌርፋክስ ያላችሁ ኤጁኬት ፌርፋክስ አለላችሁ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲም የራሱ ኤጁኬሽናል ፋውንዴሽን አለው፣ ዲሲ ያላችሁ ዲሲ ፐብሊክ ኤጁኬሽን ፈንድ፣ ዴንቨር ያላችሁ ዴንቨር ፐብሊክ ስኩልስ ፋውንዴሽን፣ ሲያትል ያላችሁ አሊያንስ ፎር ኤጁኬሽን። አሰራራቸው ይለያያል፣ ሁሉም ለአንድ አስተማሪ አይሰጥም፣ አንዳንዱ ለትልልቅ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ደንቡን መጀመሪያ አንብቡ። ገንዘብ ልሰጥ ነው የምትሉ ፎርም 990 (በጎ አድራጎቱ በየአመቱ ለታክስ መስሪያ ቤቱ የሚያስገባውን የገንዘብ ሪፖርት) አይታችሁ የት የት እንደሚሄድ ማየት ትችላላችሁ፣ ለህዝብ ክፍት ነው፣ መስሪያ ቤታችሁ የሰጣችሁትን ያህል ከራሱ የሚጨምርበት ከሆነም ኤች አርን (የሰራተኛ ጉዳይ ክፍሉን) ጠይቁ።

ጊዜ ያላችሁ ደግሞ አንባቢ ሁኑ። ሴትዮዋ እንደነገረችኝ የኛ ሰው በአንባቢዎቹ ውስጥ የለም፣ እኔ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ፣ ስራው ማታ ማታ ቤት ሆኖ የሚሰራ ነው። የጋሼን ስልክ የምትፈልጉም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።