የኤልክ አደን ቦርሳ፦ የ80፣ የ200 ወይስ የ700 ዶላሩ?

ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ዘንድሮ እኛም ከልጆቹ ጋር ኤልክ ልንወጣ ነው፤ ቦርሳ የትኛውን እንግዛ?» ስለ ጠመንጃ የሚጠይቀኝ የለም፣ ስለ ቦርሳ ግን እዚህ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ያለ ሐበሻ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀው። ጉዴን ሰምተዋላ! ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ በ200 ዶላር ዙሪያ የሚሸጠውን የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ማለትም ቦርሳው የሚታሰርበት የዘንግ አጽም ያለውን፣ ግዙ። ምክንያቱን መስማት የሚፈልግ ይቀጥል።

ኤልክን ስናወራ አጋዘን እንለዋለን እንጂ ወንዱ 300 ኪሎ የሚገባ፣ ሰንጋ የሚያህል ፍጥረት ነው። አጥንቱ ወጥቶ እንኳ ንጹሕ ሥጋው 90 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ነገሩ እንደ ቅርጫ ነው፤ መደብ መድባችሁ ስታበቁ ግን ድርሻችሁን ተራራ ለተራራ በጀርባችሁ ትሸከማላችሁ። «በጋሪ እንጎትተዋለን» ብለን ነበር እኛም። ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለ ጫካ ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው፣ የሥጋ ጋሪም ጭምር። ፈረስ ያለው ሰው ቀጥሩ ይሏችኋል፤ ለአንድ ኤልክ የሚጠይቁት ብዙ መቶ ዶላር ነው። ከበደኝ ብሎ ጥሎ መምጣት ደግሞ የለም። ኮሎራዶ ውስጥ አራቱን እግር፣ ሽንጡንና ጭቅናውን ሳያወጡ መቅረት በሕግ ያስቀጣል። እንግዲህ የቀረው ጀርባችሁ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት አራት ሆነን ወጣን፣ አራታችንም የተለያየ ቦርሳ ይዘን። አንዱ፣ ሐኪም ቤት የሚሠራው፣ 720 ዶላር አውጥቷል። አንዱ የ200 ዶላሩን ፍሬም ይዟል። አንዱ ከወታደር ዕቃ መሸጫ በ45 ዶላር ያገኘውን አሮጌ ፍሬም። እኔ ብልጡ፣ 720 ዶላሩን ቦርሳ ቁርጥ የሚመስል በ79.99 ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። መልኩ ያው፣ የኪሱ አቀማመጥ ያው፣ ምልክቱ ብቻ አንድ ፊደል ይጎድለዋል። መንገዱን ሁሉ በባለ 720ው ስስቅ ሄድኩ።

ፍላት ቶፕስ በሚባለው የኮሎራዶ ተራራማ ጫካ ውስጥ፣ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከመኪናችን አራት ኪሎ ሜትር ርቀን ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ተሳካልን። ብልት አውጥተን ስንጨርስ መሽቷል፣ በረዶም ጀምሯል። ለእኔ አንድ የኋላ እግር ደረሰኝ። አጥንቱ ካልወጣ ከ25 እስከ 35 ኪሎ ነው። ተንበርክኬ ማንገቻውን አጠለቅሁ፣ የወገቡን ቀበቶ ቆለፍኩ፣ ጓደኛዬ እጄን ስቦ አስነሳኝ። መቶ እርምጃ አልሄድኩም፣ ቀጭ አለ። በባትሪ ስናየው የወገቡ ዘለበት ለሁለት ተሰንጥቋል። ወገብ ላይ ማረፍ የነበረበት ሸክም ሁሉ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ በቀኝ ጆሮዬ ሥር ትር፣ ትር፣ ትር የሚል ድምፅ። የማንገቻው ስፌት እየተተረተረ ነበር።

ያዳነኝ ጋቢ ነው። አድፍጠን ስንቀመጥ ጉልበቴ ላይ የምጥለው ጋቢ ይዤ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሲሳቅብኝ የዋለበት። በቁመቱ አጣጥፈን፣ በፍሬሙ ዘንግ መሐል አሾልከን፣ እንደ መቀነት ሁለት ዙር ወገቤ ላይ ጠመጠምነውና ግጥም አድርገን አሰርነው። መኪናው ጋ ስንደርስ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ደሙ ከጋቢው ላይ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቦርሳው ከታክስ ጋር 86 ዶላር። ጠንካራ ዘለበት ከነማሰሪያው 11። ጫማ ሰፊው ማንገቻዎቹን ደግሞ ሊሰፋልኝ 40 ጠየቀኝ፣ ከፈልኩ። 137። በሚቀጥለው ዓመት የፍሬሙ ዘንግ በጨርቁ በኩል በስቶ ወጣ፣ ጣልኩት። ከዚያ ከታክስ ጋር በ189 እውነተኛውን ፍሬም ገዛሁ። ርካሹ ቦርሳ 326 ዶላር አስወጣኝ ማለት ነው። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ ለሻጩ ጽፌ ነበር፤ የመመለሻው 30 ቀን አልፏል አለኝ። በነሐሴ ገዝቶ በጥቅምት ለሚያድን ሰው 30 ቀን ምን ያደርግለታል?

ኮፒውን በዓይን መለየት ይቻላል። ማንገቻው ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልጣችሁ እዩ፤ ደህናው በወፍራም ክር ጥቅጥቅ ተደርጎ፣ ብዙውን ጊዜ በኤክስ ቅርጽ ተሰፍቷል፣ ኮፒው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ታገኛላችሁ። ዘለበቱን በጣታችሁ ጠምዘዝ አድርጉት፤ እንደ ላስቲክ ማንኪያ ከታጠፈ መልሱት። ሳጥኑ ሲከፈት የነዳጅ ሽታ ካፈነናችሁም መልሱት።

ባለ 720ውስ? እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያፏጭ ነው የወረደው። እንደ ስቶን ግሌሸር፣ ኤግዞና ኪፋሩ ያሉት ውድ ቦርሳዎች ሥጋውን በፍሬሙና በቦርሳው መሐል ጀርባ ላይ ልጥፍ አድርገው ስለሚይዙት ሸክሙ አይወዛወዝም። ዋስትናቸውም የታወቀ ነው፣ አሮጌውም በደህና ዋጋ ይሸጣል። ግን የአራት ሰው ወጪ አስቡት፦ 2,880 ዶላር! የኮሎራዶ ነዋሪ የኤልክ ፈቃድ ከ100 ዶላር በታች ነው። ከዳላስ የሚመጣው ዘመዳችሁ ግን ለፈቃዱ ብቻ ከ700 በላይ ይከፍላል፤ እሱን ሌላ 700 አውጣ ማለት ግፍ ነው። ደግሞ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ የማይደግመው ሰው አይጠፋም። የእኛ ባለ 720ም አልደገመውም። ቦርሳውን 450 ልሽጥልህ ብሎኛል፣ እያሰብኩበት ነው።

የወታደሩ አሮጌ ፍሬም፣ አሊስ የሚሉት፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካ ወታደር የተሸከመው ነው። በ45 ዶላር አይሰበርም፣ ያ ነው ጥሩነቱ። ግን አጭር ነው። ቁመታችሁ ከ1.75 ሜትር ከበለጠ ክብደቱ ወገብ ላይ አያርፍም፤ የወገቡም ስፖንጅ ስስ ነው። ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ወገቡን ይዞ ነው ሥራ የገባው።

የእኔ ምርጫ፣ አልፕስ አውትዶርዝ ኮማንደር የሚባለውና መሰሎቹ፣ ውበት የላቸውም። ቦርሳው ይነሳል፣ ከታች መደርደሪያ ይዘረጋል፣ የኤልኩን እግር እዚያ ላይ አስቀምጣችሁ በገመድ ትጠፍሩታላችሁ። ጥፋቱን አልደብቅም። ሲራመዱ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ኤልክ ደግሞ ጆሮው ሩቅ ይሰማል። መገጣጠሚያዎቹን በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልሏቸው፣ ዝም ይላሉ። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ከቅርንጫፍ ጋር ይጣላል፣ ለዚህ መድኃኒት የለኝም። ጨርቁን ከፍሬሙ የሚያያይዙት ትንንሽ ፒኖች ይወልቃሉ፤ አምስትና ስድስት ትርፍ ፒን ከነቀለበቱ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ውድ አይደለም። እዚያው ተራራ ላይ፣ እጃችሁ ደንዝዞ እንኳ፣ ልትጠግኑት የምትችሉት ይህኛውን ብቻ ነው። ለእኔ ወሳኙ ይኸ ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ሌላ አዳኝ እንዲያያችሁ የምትለብሱትን ብርቱካናማ ሰደርያ ሸክሙ ከኋላ ይሸፍነዋል። ጭነቱ ላይ ሌላ ብርቱካናማ ጨርቅ እሰሩበት፤ በዚያ ወቅት ጫካው በባለ ጠመንጃ ተሞልቷል።

አሁንማ ኮፒ አልገዛም ያላችሁም ብትሆኑ ሳትሞክሩት መመለሻው ቀን እንዳያልፍባችሁ። ከሐበሻ ሱቅ የ25 ፓውንድ ጤፍ ሦስት ከረጢት ጫኑበትና አንድ ሰዓት ደረጃ ውጡ፣ ውረዱ። ዘለበት የሚሰበር ከሆነ እዚያው ይሰበራል። ከረጢቶቹን ግን አስቀድማችሁ በላስቲክ ጠቅልሏቸው። እኔ አልጠቀለልኩም፤ ባለቤቴ እስካሁን ከደረጃው ሥር ጤፍ ትጠርጋለች።