ማቆም የሚያውቅ ሹፌር

ጽሁፍ የመለጠፍ ልማድ የለኝም። የሰው ሳነብ ነው የምውለው። ዘንድሮ ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ነገር በልቤ ሲመላለስ ከረመና፣ ካልጻፍኩት እረፍት አላገኝም አልኩ። ማመስገን የምፈልገው ሰው የኮንትራት መኪና ሹፌር ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ራሱ "ስሜ ይቅር ማዘር" ብሎኛል፤ ቃሉን አከብራለሁ።

መጀመሪያ ለምን እንደዚህ እንደነካኝ እንዲገባችሁ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በመምህርነት ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስኳር አለብኝ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። አንዷ ልጄ ሲያትል ናት፣ አንዱ ሀዋሳ፣ የመጨረሻዋ እዚህ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር። ታላቅ እህቴ ደግሞ ቢሾፍቱ ነው ያለችው። ቤተሰቤን ለማየት መንገድ መውጣት ግዴታዬ ነው ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ሹራብ መሥራትም እወዳለሁ። ያስተማረችኝ አንደኛ ደረጃ ሳለሁ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የነበረችን መምህርት ናት። ከዚያ ወዲህ ክርና መርፌ ከቦርሳዬ ጠፍቶ አያውቅም።

አምና በክረምት ቤተሰቤ ጋ ለመሄድ ሞክሬ ነበር። የያዝነው ሹፌር ስልክ እያወራ ነበር የሚነዳው። ቀስ በል ስለው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ሽንት ቤት ፈልጌ "እባክህ ልጄ፣ አቁምልኝ" ስለው "ትንሽ ይታገሱ፣ እየደረስን ነው" ይለኛል። ስኳር ያለበት ሰው ያውቀዋል፣ ትንሽ ታገሱ የሚባል ነገር የለም። በዚያ መንገድ ላይ የደረሰብኝን ውርደት እዚህ አልዘረዝረውም። ግማሽ መንገድ ላይ ደግሞ ዋጋ ጨምሩ አለ። ተመልሼ ቤቴ ስገባ ሁለተኛ ከአዲስ አበባ አልወጣም አልኩ። ልጆቼ ከፈለጉ እነሱ ይምጡ አልኩ። የምሬን ነበር።

ዘንድሮ የሲያትሏ ልጄ ከሁለት ልጆቿ ጋር በሐምሌ መጀመሪያ መጣች። ውጭ አገር ያሉት ሁሉ የሚመጡት እኛ ዘንድ ዝናቡ በሚበረታበት ወር ነው። ምን ይደረግ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሬ ሹራብ ላይ ነበርኩ። የሲያትል ልጆች ብርድ አይፈሩም ይሉኛል፣ የእኛን የሐምሌ ማለዳ ግን አያውቁትም።

ይህን ሹፌር ያገኘነው በጎረቤቴ በኩል ነው። ቦሌ ልጆቹን ልንቀበል ይዞን ሄደ። መኪናው ሚኒባስ ነው፣ ደረጃው ለእኔ ጉልበት ከፍ ይላል። እንዴት ልወጣ ነው ብዬ ሳስብ ከኋላ አንድ ትንሽ የእንጨት በርጩማ አውጥቶ ከበሩ ሥር አስቀመጠልኝ። እጄን ጎትቶ አላወጣኝም። ክንዱን ዘርግቶ ቆመና እኔ ራሴ ተደግፌው ወጣሁ። አረጋዊ ሰው ለያዘ ሁሉ ይህን ልንገራችሁ። ስትጎትቱን ሚዛናችን ይጠፋል። ክንዳችሁን ስጡን እንጂ እኛው እንይዘዋለን።

የዚያን ቀን አውሮፕላኑ ዘገየ። ዝናቡ መኪናው ጣሪያ ላይ ይደበድባል። እኔ ደግሞ ከመርካቶ የገዛሁት ሰማያዊ ክር ገና አልተጠቀለለም ነበር። የሚይዝልኝ ሰው ከሌለ እንደሚወሳሰብብኝ አውቃለሁ። ልጄ እንግዳ መቀበያው በር ጋ ሄዳለች። ክሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስታገል በመስታወት አየኝና ዞር አለ። "እናቴ ጥጥ ስትፈትል እኔ ነበርኩ የምይዝላት" አለኝ። ሁለት እጁን ዘረጋ። ክሩን እጆቹ ላይ አጠለቅሁለት። እኔ እየሳብኩ ወደ ኳስ ስጠቀልል እሱ እጆቹን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዘነብላል። ክሩ ሳይያዝ እንዲለቀቅ ማለት ነው። ይህን ማንም ካላሳየው ሰው አያውቀውም። ሳንነጋገር ሁለት ጥቅል ጨረስን። እንግዶቻችን ሲወጡ ክሩ ተጠቅልሎ፣ የታላቁ የልጅ ልጄ ሹራብ የመጀመሪያው መስመር ተጀምሮ ነበር።

ለካ ይሄ ሰው ጊዜ አለው አልኩ በልቤ። የሀዋሳን ነገር ያነሳሁትም ያኔ ነው።

ሀዋሳ የሄድነው ለሐምሌ 19 ገብርኤል ነው። የማያውቅ ካለ፣ በዚያ ሰሞን ሀዋሳ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምዕመን ትጥለቀለቃለች፣ አልጋ ማግኘትም ፈተና ነው። እኛ ልጄ ቤት ስላለን አላስጨነቀንም። ሦስተኛ ልጁም ከተወለደ ገና ሁለት ወሩ ነበር። እሱን ሳላየው ክረምቱ እንዲያልፍ አልፈለግሁም።

ሁለት ቀን ቀድመን በጠዋት ተነሳን። ወደ ፈጣን መንገዱ ከመግባታችን በፊት መኪናውን ነዳጅ ማደያ አስገባና "ማዘር፣ እዚያ ላይ ደስ ባለን ቦታ ማቆም አይፈቀድም። ጉዳያችንን እዚህ እንጨርስ" አለኝ። አልጠየቅሁትም እኮ። አምና ስለምነው የነበረውን ነገር ይሄኛው ሳልጠይቀው አሰበልኝ። እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። ወደ መስኮት ዞርኩ።

ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው አዲሱ መንገድ ለጥ ያለ ነው፤ ሌላ ሹፌር ቢሆን እንደ አውሮፕላን ያበረው ነበር። እሱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነዳ። ከባቱ በኋላ አሮጌው መንገድ ሲጀምር ደግሞ ቶሎ ቶሎ እያቆመ "እግርዎን ያፍታቱ" ይለኛል። ሰዓቱን ይዞ ነው የሚያቆመው። ኢንሱሊኔን በትንሽ የበረዶ ሳጥን ይዤ ነበር። ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስንወርድ ሙቀት እንዳይነካው ከፀሐይ አርቆ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠልኝ፣ በየማቆሚያውም ከፍቶ ያየዋል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ "ምግብዎ እንዳያልፍ" ብሎ ቀድሞ የሚነግረኝ እሱ ነው። ከልጄ ነው የሰማው፤ አንዴ ብቻ ነው የተነገረው።

የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ሹራብ ልማር ብላ መርፌ ከያዘች ቀናት ሆኗት ነበር። መኪና ውስጥ አንገቷን ደፍታ ስትሠራ ግን አቅለሸለሻትና አስመለሳት። እናቷ ደነገጠች፣ ወንበሩ ተበላሽቷል። እሱ ዳር ይዞ አቆመ፣ በጨርቅና በውኃ ጠራረገ፣ ፊቱ አልተኮማተረም። ልጅቷን አጠገቡ አስቀመጣትና "ሩቅ ሩቁን እያየሽ ሂጂ፣ ሹራቡን ስንቆም ትሠሪዋለሽ" አላት። በዚሁ ተስማሙ። ስንሄድ መስኮት፣ ስንቆም ሹራብ። በየማቆሚያው እየሮጠች እኔ ጋ ትመጣለች። በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ እግሬ ሥር። አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ግልብጥ። አንድ ቀለበት ሲያመልጣት "እማዬ! እማዬ!" ብላ ትጮኻለች፣ እመልስላታለሁ። ተነሱ አላለንም። መስመሯን እስክትጨርስ መኪናውን ይወለውላል፣ ጎማውን ይነካካል።

ያቺ የአንገት ልብስ አሁን ሲያትል ናት። ቀይ ናት። በእያንዳንዱ ማቆሚያ አራት ጣት ያህል ታድግ ነበር። ማሰሪያው የላላበትና የጠበቀበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ላንጋኖ መገንጠያው ጋ የሠራችው ላልቷል፣ ዝንብ እያስቸገራት ነበር። ሻሸመኔ ያለው ደግሞ ከመጠን በላይ ጠብቋል። ሀዋሳ ስንገባ የሠራችው የመጨረሻው ግን ከእኔ እጅ አይለይም። ተርትረሽ እንደገና ሥሪው አላልኳትም። እንደዚያው ይቆይ።

ሀዋሳ ላይ በዓሉ እንዴት እንደነበር ብጽፍ ሌላ ጽሁፍ ይወጣዋል። ሕዝቡ ብዙ ነው። በዓሉ ቀን መኪና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይጠጋም፣ እኔ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ አልችልም። እሱ ገና ሌሊት አስር ሰዓት ላይ መጥቶ፣ ሰው ሳይበዛ በሚቻለው ያህል አስጠግቶ አደረሰኝ። በርጩማውን ይዞ አብሮኝ ገባ። አስቀምጦኝ ከጎኔ ቆሞ አስቀደሰ። ለዚህ የሚከፈል ዋጋ አልተነጋገርንም፣ እሱም አልጠየቀኝም።

በማግስቱ ልጆቹን አሞራ ገደል ወሰዳቸው። አባ ኮዳዎቹን አይተው ጮኹ፣ ዓሣ በሉ። እኔን የያዘኝ አንድ መረብ የሚጠግን ወጣት ነው። ቀዳዳውን በአንድ እጁ ዘርግቶ፣ ክር የተጠቀለለበትን ጠፍጣፋ መርፌ እያሾለከ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ይቋጥራል። ከእኔ ሥራ ጋር አንድ ቤት ነው። ረጅም ሰዓት ተቀምጬ አየሁት። ሹፌራችን ልጆቹን ያዝናና ነበር፣ "እንሂድ" የሚል ቃል አልሰማሁም።

ለሕፃኑ ነጭ ኮፍያና ካልሲ ሠርቼለት ነበር። ለሕፃን የምትሠሩ፣ የሱፍ ክር ሳይሆን በእጅም በማሽንም የሚታጠበውን ክር ምረጡ። ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታጠበ ተኮማትሮ ይጠባል። አዲስ እናት ደግሞ ነጥላ የማጠብ ጊዜ የላትም። ምራቴ ኮፍያውን ስታደርግለት ግንባሩ ላይ ትንሽ ሰፋበት። ለመስከረም ይደርስበታል።

ከተመለስን በኋላ ቢሾፍቱ እህቴ ጋ ሁለት ጊዜ ወስዶናል። ቡሄ ዕለት ልጆቹን ይዞ ሰፈር ለሰፈር ዞሯል፣ ሆያ ሆዬ ያስጠናቸውም እሱ ነው። ሙልሙላቸውን ታቅፈው ሲገቡ ማየት ነበረባችሁ። ነሐሴ 20 ላይ ቦሌ ስንሸኛቸው ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አሁን ወደ ጥቆማው። መኪናው አዲስ አይደለም፣ ማቀዝቀዣም የለውም። የሚቸኩል ሰው እሱን ባይዝ ይሻላል፣ ምክንያቱም በእርጋታ ነው የሚነዳው፣ ረጅም መንገድ ላይ ማታም አይነዳም። ጀምበር ስትጠልቅ ባለበት ያድራል። ይህን ቀድሞ ይናገራል። ዋጋውንም እንደዚያው። ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የእሱ ምግብና ማደሪያ ተካቶ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጭ ብሎ ይነግራችኋል። ከተስማማነው ላይ አንድ ብር አልጨመረም። ሌላ ሹፌርም ብትይዙ እነዚህን ነገሮች ሳትጠይቁ አትነሱ። እኔ አምና ሳልጠይቅ ነው የተነሳሁት።

አረጋዊ እናት ወይም አባት ላላችሁ፣ ነፍሰ ጡር ለያዛችሁ፣ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከውጭ ለምትመጡ፣ ይሄ ልጅ ለእናንተ ነው። የሚያቆም ሹፌር ማግኘት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ቤቴ ተቀምጬ ልቀር የነበርኩትን ሴት ሀዋሳ አድርሶ መልሶኛል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ። እናትህ ጥጥ ስትፈትል እጅህን የዘረጋህላት፣ ለእኔም ዘርግተህልኛል።

ከቦሌ የተረፈችውን ሰማያዊ ክር ለእሱ ሹራብ እያደረግኋት ነው። ፊቱና ኋላው አልቋል፣ እጅጌው ቀርቷል። የክንዱን ርዝመት በክር ለክቼ ቋጠሮ አስሬበታለሁ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ለበዓል ሰሞን ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደውሉለት። ጳጉሜን 3 ብቻ አትጠይቁት። ለሩፋኤል ቢሾፍቱ እህቴ ጋ ሊያደርሰኝ ቀጠሮ ይዘናል።